የራጁ ሱባኤ

እንዳላማውን የያዘው ድካም ተኝተው ሲነሱ የሚለቅ ዓይነት አልነበረም። ጣልያን ደብረ ማርቆስ ላይ ሆስፒታል ከፍቶ ራጅ የሚባለውን መኪና ካቆመ ጀምሮ፣ ሥራው ቁስለኛ ደግፎ መኪናው ፊት ማቆም ነው። የጣቶቹ ቆዳ ጠቁሮ ተሰነጣጠቀ፤ ጥፍሩ እየተላጠ ወደቀ። «ምች ነው» እያለ ዳማከሴ ሲያሽበት ከረመ።

እጁስ ባልከፋ። ሚስቱ ደብሪቱ የመጀመሪያ ፅንሷ ሲወርድባት፣ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ አንድ ነገር አሰበ፤ ሥጋን አልፎ አጥንት የሚያይ ብርሃን ከጠበል በምን ያንሳል? ጠዋት ጠዋት የራጁ ኃላፊ የሆነው የጣልያን ወታደር መኪናውን ሊሞክር ሲያበራው፣ እንዳላማው ሱባኤ እንደያዘ ሰው እህል ሳይቀምስ፣ ቤት የሚጠርግ መስሎ መጥረጊያ ይዞ፣ ወገቡን ለብርሃኑ ሰጥቶ ይቆማል። ልጅ ስጠኝ ይላል። አያሳዝንም? ከዚያ ወዲህ ሁለት ፅንስ ተከታትሎ ወረደ።

እናቱ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ጣታቸውን የቀሰሩት በደብሪቱ ላይ ነው። «ማኅፀኗ ቀዳዳ እንስራ ነው፤ ይፍታት!» ደብሪቱ እስከ ዲማ ገዳም በእግሯ ሄዳ ተጸበለች። እንዳላማው ከሥራ ዝሎ ይመጣል፣ ስድቡን ይሰማል፣ ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል። ስለ ፍቺው የሚነጋገሩ ሽማግሎች ለእሑድ ተቀጠሩ።

ዓርብ ዕለት የሆስፒታሉ ጣልያናዊ ሐኪም የእንዳላማውን እጅ አይቶ ደነገጠ። በአስተርጓሚው በውበቱ በኩል ሲጠይቀው፣ እንዳላማው የጠዋቱን ሱባኤ ሳይቀር ተናገረ። ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«በሰው ሥጋ ቅንጣት ሁሉ ውስጥ ክር አለ ይላል» አለ ውበቱ። «ከእናት ከአባት የሚወረሰው በዚያ ክር ላይ ነው። በዘርህም ውስጥ አለ። ይህ ብርሃን ክሩን ይበጥሰዋል። ሥጋ የተበጠሰውን መልሶ ይቀጥላል፤ አንዳንዴ ግን የማይገናኘውን ጫፍ ያገናኛል። እንዲህ ያለ ዘር ቢፀነስም ላይጸና ይችላል። የወረደው በዚህ ነው ብዬ ግን አልምልም ይላል።»

እሑድ ሽማግሎቹ መጡ። ደብሪቱ ጓዟን ቋጥራ፣ በር ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ትልቁ ሽማግሌ አያ አለበል «እንግዲህ ተናገር፣ ልጄ» ሲሉት፣ እንዳላማው የጠቆሩ እጆቹን ዘረጋ።

«የመጀመሪያውን እግዜር ያውቃል። የኋለኞቹ ሁለቱ ግን በእኔ ሳይሆን አይቀርም፣ አያ። በዘሬ ውስጥ ያለውን ክር የጣልያኑ ብርሃን በጣጥሶታል፤ ፊቱ የቆምኩትም ወድጄ ነው። እሷ ምን አጠፋች?»

እናቱ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። እንዳላማው ሸክም ያወረደ መሰለው፤ ደብሪቱ ቀና ብላ እስክታየው ድረስ።

«ክርህን ብርሃኑ በጠሰው እንበል» አለችው እንዝርቷን አስቀምጣ። «እናትህ ቀዳዳ እንስራ ሲሉኝ አፍህን ምን ያዘው?»

እንዳላማው እጆቹን መልሶ ጋቢው ውስጥ ከተተ። ደብሪቱ ቋጠሮዋን አንስታ ወጣች። አያ አለበል ሊመልሷት ተከተሏት፤ እንዳላማው ግን መነሳት አቃተው።