ሁለቴ የጮኸው መድኃኒት

ፀደንያ ቢሮ ገብታ ገና ከወንበሯ ሳትቀመጥ ስልኳ ጮኸ። «የአባባ መድኃኒት» ይላል። ክው አለች። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ይህ አላርም የሚጮኸው ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አባቷ ከቅዳሴ ወጥተው እህል ሲቀምሱ ነበር እንጂ በጠዋት አልነበረም።

አባቷ መሪጌታ አትናቴዎስ ቀየት ከተማ አጠገብ ባለች ደብር ድጓ ያስተምራሉ። ስኳር ካገኛቸው ጀምሮ መድኃኒታቸውን እየረሱ ቢያስቸግሯት፣ እሷ መሐል ሜዳ ከተማ ሆና የምትቆጣጠረው የቀን መቁጠሪያ ስልካቸው ላይ ጫነችላቸው። እሷ ስልክ ላይ የተጻፈው እሳቸውም ዘንድ ይጮኻል። ጽሑፉን ለማንበብ ዓይናቸው እንቢ ስላለ፣ «ሲጮህ ይዋጡ፣ ሌላ ነገር አያስቡ» ብላ አስጠንታቸዋለች። እንክብሉ በባዶ ሆድ ከተዋጠ ወይም ከተደረበ ራስን እንደሚያስት የጤና ጣቢያ ነርስ ነግራታለች። ጾም ሲገባ የነፍስ አባታቸው እንዲበሉ ቢፈቅዱላቸውም አሻፈረኝ ስላሉ፣ ሰዓቱን ከጠዋት ወደ ዘጠኝ ያዛወረችው ለዚህ ነው።

ትናንት ስልክ ቀየረችና ቀድሞ ያስቀመጠችውን የቀን መቁጠሪያውን ቅጂ አዲሱ ላይ መለሰችው። ቅጂው ከጾሙ በፊት የተቀመጠ ነው። ስልክ አንድን ቀጠሮ የሚለየው በስሙ ሳይሆን ከውስጥ በተሰጠው መለያ ነው፤ መለያው ከተለወጠ ያንኑ ቀጠሮ እንደ አዲስ እንግዳ ተቀብሎ ከፊተኛው ጎን ያስቀምጠዋል። ይህን ዩኒቨርሲቲ ተምራዋለች። ትናንት ግን ትዝ አላላትም፤ የድሮው የጠዋት አላርም ከዘጠኝ ሰዓቱ ጎን ተመልሶ ገባ።

የጠዋቱን አጠፋችውና ደወለች። መስመር የለም። ጎረቤታቸው እትዬ ጥሩሸዋ ዘንድም ሞከረች፣ የለም። መብራት ሲጠፋ የቀየት ኔትወርክ አብሮ ይጠፋል፤ የእሷ ማጥፋትም እሳቸው ዘንድ አይደርስም። ማታ እሳቸው ስልክ ላይ የገባው አላርም ግን ለመጮህ መስመር አያስፈልገውም።

ስትደውል ዋለች። ከጎኗ የሚሠራው መኳንንት «ልታገቢው ነው እንዴ ስልኩን? ከእጅሽ አልወርድ አለ እኮ» አላት። ፈገግ ለማለት ሞከረች። ምን እንደሆነ ለመናገር አፍራ እንደገና ደወለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኳ እንደገና ጮኸ፤ ይሄኔ አባቷ ሁለተኛውን እየዋጡ ይሆናል።

ቆይቶ መስመሩ ተከፈተ።

«አባባ፣ ጠዋት ዋጡት እንዴ?»

«በጾም? ቅዳሴ ሳልቆም ውኃ ልቀምስልሽ?» ብለው ሳቁ።

ተመስገን ልትል አፏን ስትከፍት እሳቸው ቀጠሉ።

«የጠዋቱንም አላስቀረሁም። ሁለቴ ጮኸ፣ ይኸው አሁን ሁለቱንም ዋጥኋቸው።»

እሳቸው ዘንድ ያመለጠ የሰዓት ጸሎት ከሚቀጥለው ጋር ተደርቦ ይደርሳል። መድኃኒቱንም እንደዚያው አደረሱት።

እህል ቀምሰው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። የገብስ ቆሎ ትንሽ ዘገን አድርገዋል፤ ላብ ላብ ቢላቸውም ደኅና ናቸው፤ ለሠርክ ጸሎት ሊነሡ ነው። ፀደንያ አባቷ ላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም።

«አይነሡም! ቁጭ ይበሉ! እትዬ ጥሩሸዋን ይጥሩልኝ!»

ቢሮው ሁሉ ዞሮ አያት። እትዬ ጥሩሸዋ መጥተው ስልኩን ሲቀበሉ፣ ሰውዬው ይንቀጠቀጣሉ አሏት። ስኳር በውኃ በጥብጠው እንዲሰጧቸው፣ ወዲያው እንጀራ እንዲያስከትሉ ነገረቻቸው። ከዚያ የብርጭቆ ኮሽታ፣ የበር ድምፅ፣ «ይጠጡ እንጂ» የሚል ቁጣ ሰማች። የአባቷ ድምፅ ግን አይሰማም። ጆሮዋን ስልኩ ላይ ተክላ ጠበቀች።

በመጨረሻ ቀስ ያለ ድምፅ መጣ።

«ፀደንያ፣ የነገውን ጩኸት ልመነው?»

በእሷ ስልክ ላይ ያለው አንድ አላርም ብቻ ነው። እሳቸው ስልክ ላይ ስንት እንደቀረ ግን ከዚህ ሆና ማየት አትችልም።

«አይመኑት። ቢጮህም ዝም ይበሉት፤ እኔ እስክደርስ መድኃኒቱን እንዳይነኩት።»

አለቃዋን አስፈቅዳ መናኸሪያ ስትደርስ የቀየቱ ሚኒባስ ገና ሰው እየጫነ ነበር። ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጣ እንደገና ደወለች። እትዬ ጥሩሸዋ አነሡት።

«እየበሉ ነው። ላቡም ተወት አድርጓቸዋል» አሏት።

መኪናው ሞልቶ ሲነሣም ስልኩን ከጆሮዋ አላወረደችም።