ከመወለዷ በፊት

በድንበር ከተማችን፣ ሄሉ ገበያ ፍየል ስገዛ ስለ እናቷ እጠይቃለሁ። በድርቅ የተረገዘች ከሆነች አልገዛም። እንዲህ ያለችው ኮሽ ባለ ቁጥር ትደነብራለች፤ ከመንጋ ጋር አትገጥምም። ሻጭ ይዋሻል። እኔ ዓይኑን አያለሁ።

«ፍየሏን ልታገባት ነው እንዴ ዘር የምትቆጥረው?» ይለኛል ባልደረባዬ ጋልማ።

ልጄ ኪዳነምሕረት አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ደንጋጣ ናት። ቦዳቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ሲያልፍ ጆሮዋን ትይዛለች። ዘንድሮ ባሰባት። እንቅልፍ አጣች፤ ትምህርት ቤት መሄድም ተወች። እህቶቼ «ከእናቷ ዘር ነው» አሉ። ሚስቴ ወርቅአየሁ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። እኔም ወደ ገበያዬ ወጣሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስታችን ክሊኒክ ሄድን። ነርሷ ኑርሀን ትባላለች፤ ከድንበሩ ማዶ የመጣች፣ አማርኛ የምትችል ናት። መጀመሪያ ልጅቱን ለብቻዋ አነጋገረቻት። ቀጥሎ እኛን አስገባችና ከልጅቱ አጠገብ አስቀመጠችን።

«እትዬ፣ እሷን እርጉዝ ሳሉ የደረሰብዎ ነገር ነበር? ረሀብ፣ ሕመም፣ ድንጋጤ?»

ጥያቄው የእኔው የገበያ ጥያቄ ነው። በሰው ላይ ጠይቄው አላውቅም ነበር።

«ምንም» አለች ወርቅአየሁ፣ መሬት መሬቱን እያየች።

«በዘራችሁስ እንዲህ የታመመ ሰው አለ?»

«ይኖራል።»

የለም። ዘመዶቿን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ነርሷ ብዕሯን አነሳች።

«አይጻፍ» አልኩ። «ዋሽታ ነው።»

ነርሷ ብዕሯን መልሳ አስቀመጠች።

«የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች። ከተማው ውስጥ ተኩስ ተነሳ። ያኔ ሱቅ ነበረኝ። እሷን አስገብቼ ከውጭ ቆለፍኩ፤ የተዘጋ ሱቅ ሰው ያለበት አይመስልም ብዬ። ፍየሎቼን ይዤ ወደ ኦቦ መንደር ሸሸሁ። ሦስት ቀን ቆየሁ።»

«አራት» አለች ወርቅአየሁ።

«ውሃና ብስኩት ነበራት።»

«ውሃው በሁለተኛው ቀን አለቀ። ታጣቂዎች በሩን ሲደበድቡት ጨርቅ ነክሼ ዝም አልኩ።»

ይህን ነግራኝ አታውቅም። እኔም አልጠየቅኋትም።

ነርሷ፣ «የልጅቱ ሕመም ከዚያ መጣ ብዬ መማል አልችልም» አለች። «እናት ስትጨነቅ ማሕፀን ውስጥ ያለው ልጅም ሊነካ ይችላል። ሁሉም ግን አይታመምም። ሌላም ምክንያት ይኖራል። ሕክምና አለው፤ በየሳምንቱ አምጧት። ይህን ማወቄ ይረዳኛል፣ ጋሼ።»

ኪዳነምሕረት ቀና ብላ አየችኝ።

«ፍየሎቹ ተረፉ?»

«ተረፉ።»

«ስንቱ?»

«ሁሉም።»

ወርቅአየሁ በአፍንጫዋ ሳቀች። ልጅቱ እጇን ያዘቻት።

ቤት ስንደርስ እህቶቼ ተቀምጠው ይጠብቁናል።

«እህ፣ ምን አሉ? ከእናቷ ነው አላሏችሁም?» አለች ታላቂቱ።

ወርቅአየሁ ነጠላዋን አውልቃ፣ ልጅቱን ይዛ ጓዳ ገባች። በሩን አልዘጋችውም።

ቆሜ ነገርኳቸው። ከአራቱም ቀን አንዱን አላጎደልኩም።