የማያም ቁስል

ሳህሌ አፍ አጥቶ አያውቅም። ቶተንሃም ውስጥ፣ ከእንግሊዞች በተከራዩት አዳራሽ እሑድ ከሰዓት በሚሰበሰቡባት ያማርኛ ቤተ ክርስቲያን፣ የምስክርነቱን ሰዓት የሚመራው እሱ ነው። የመኖሪያ ወረቀት ያገኘው፣ ከመኪና አደጋ የተረፈው፣ ካውንስል የሚሉት የመንግሥት ኪራይ ቤት የወጣለት፣ ሁሉም መድረክ የሚወጣው በሳህሌ በኩል ነው። ዓይነ አፋሩን ያደፋፍራል፤ ነገር የሚያስረዝመውን በመዝሙር ያስቆማል። ለስንቱ አፍ የሆነ ይህ ሰው ለገዛ ሚስቱ አንዲት አረፍተ ነገር ነፈጋት። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ሚስቱ አልታየሽ ልብስ ሰፊ ናት። ሰቨን ሲስተርስ ጣቢያ አጠገብ፣ በሥጋ ቤትና በስልክ ጠጋኝ መሀል በተጨመቀች ሱቅ ውስጥ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ቬሎ ታጠብባለች፣ የመዘምራኑን ልብስ ትሰፋለች። ግራ ዓይኗ ከልጅነቷ ጀምሮ ጉም ብቻ ነው የሚያየው፤ እንጀራዋ ያለው ቀኙ ላይ ነው። አምና አልማዝ ባለጭራ የወጣባትም፣ አይ እድል፣ በቀኙ በኩል ነበር። ከግንባሯ ተነሥቶ በቅንድቧ ወርዶ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ቆዳዋ በሦስት ሳምንት ዳነ። የዓይኗ የፊት ሽፋን፣ ሐኪሞቹ ኮርኒያ የሚሉት፣ ግን ተላጠና የምስር ፍሬ የሚያህል ቁስል ሆኖ አልድን አለ። ቅባቱ ተሞከረ፤ ቁስሉን የሚሸፍነው ሌንስ ተሞከረ፤ ከገዛ ደሟ ተጣርቶ የተሠራ ጠብታ ሳይቀር ተሞከረ። ወይ ፍንክች!

ከገና በኋላ እንደ እሳት ሲፈጃት የነበረው ዓይን አንድ ጠዋት ዝም አለ። ውሃ ቢገባበት፣ አቧራ ቢገባበት፣ ምንም አይላትም። ሳህሌ በደስታ አለቀሰ፤ በዚያው እሑድም ማይክሮፎኑን ለሚስቱ ሰጣት።

«ጌታ ሕመሜን ወስዶልኛል» አለች።

አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልታየሽ የዳነች ሴት ሆነች።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሐኪሟ፣ ለስለስ ብላ የምትናገር ህንዳዊት፣ የጥጥ ጫፍ እንደ ክር አሹላ ዓይኗን ነካችው። አልታየሽ አልደነገጠችም፣ ሽፋሽፍቷም አልተርገበገበም። የሐኪሟ ፊት ጠቆረ። የሚያስተረጉመው ሳህሌ ነበር። ሆስፒታሉ አስተርጓሚ እናምጣ ባለ ቁጥር «ኖ ኒድ፣ እኔ አለሁ» ይላል። ለንደን ያለ ያማርኛ አስተርጓሚ ወይ የቤተ ክርስቲያንህ ሰው ነው፣ ወይ የቤተ ክርስቲያንህን ሰው ያውቃል። የመሰከረች ሴት ዓይን ሐኪም ቤት ትመላለሳለች ከተባለ ወሬው ከነሱ ቀድሞ ኤድመንተን ቤታቸው ይደርሳል።

ሐኪሟ ቀስ ብላ አስረዳችው። አለማመሙ መዳን አይደለም፤ በሽታው ራሱ እሱ ነው። ዓይን ሲቆስል የሚያስታውቀውም የሚያስጠግነውም ነርቭ ነው፤ ነርቩ ከደነዘዘ ዓይኑ መቁሰሉን አያውቅም፣ ያላወቀውን ደግሞ አያድንም። አሁን ነርቩን መልሶ የሚያነቃ አዲስ ጠብታ መጥቷል። በቀን ስድስት ጊዜ፣ በየሁለት ሰዓቱ፣ ለስምንት ሳምንት ይደረጋል፤ ከቅዝቃዜ መውጣት የለበትም። በመጨረሻ ጣቷን አንሥታ፣ «መሥራት ሲጀምር ሊያማት ይችላል» አለችው። «ቢያቃጥላት ጥሩ ምልክት ነው። በምንም ዓይነት እንዳታቋርጥ። ይልቅ ደውሉልኝ።»

«ምን አለች?» አለች አልታየሽ።

ሳህሌ ሁሉንም ነገራት። ሰዓቱን፣ ፍሪጁን፣ ስምንቱን ሳምንት። የመጨረሻዋን ግን ምላሱ ጫፍ ላይ አድርሶ ዋጣት። ሕመሜ ሄደ ብላ በጉባኤ ፊት የመሰከረችን ሴት «ሕመምሽ ይመለሳል» ማለት እነሱ ዘንድ ሟርት ነው። የተናገራችሁት ይሆናልና አንደበታችሁን ጠብቁ እያለ ስንቱን የገሠጸ ሰው፣ በገዛ ሚስቱ ላይ እንዴት ክፉ ያውራ? ሲደርስ እነግራታለሁ አለ በልቡ። እውነት እንናገር ከተባለ ለሷ ብቻ አልነበረም የፈራው። ማይክሮፎኑን የሰጣት እሱ ነው።

ጠብታው በየሳምንቱ በበረዶ ታሽጎ ቤት ይመጣል። አልታየሽ የቀኑን ድርሻ በሰማያዊ የምሳ ቦርሳ ይዛ ሱቅ ትሄዳለች። ስልኳ ሲጮህ መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰክታ፣ ወደ ጣሪያው አንጋጣ፣ ጠብ ታደርጋለች። በሦስተኛው ሳምንት ሐኪሟ አየቻትና ቁስሉ በግማሽ ቀንሷል አለች። ቀጣዩ ቀጠሮ ስምንተኛው ሳምንት ላይ ሆነ። ሳህሌ እስከ ባቡሩ ድረስ እየዘመረ ነው የሄደው።

አምስተኛው ሳምንት ላይ የስልኩ ጩኸት ቀረ።

«አላርምሽ ምነው?» አላት ቅዳሜ ቤት ሳሉ።

«ድምፁን ዘግቼው ነው። ደንበኞቹን ይረብሻል።»

«ዓይንሽስ?»

«ሰላም ነው፤ ምንም አይለኝም። ጌታ ይመስገን።»

«ጌታ ይመስገን!» አለ ሳህሌ።

ፍሪጁ ውስጥ ከወተቱ ጀርባ የጠብታው ካርቶኖች ሳይነኩ ሲደራረቡ ግን አይቷል። አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ አይቷል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይህ ነው፤ አየና የፍሪጁን በር መልሶ ዘጋ። ቢጠይቃት መልስ ትሰጠዋለች፤ እሱ ደግሞ መልሱን አልፈለገም።

በሰባተኛው ሳምንት አልታየሽ ከእንቅልፏ ስትነሣ ጉንጯና ትራሷ ረጥበው አገኘቻቸው። አላመማትም። መስኮቱን ግን ከግድግዳው መለየት አቃታት። ሳህሌ ታክሲ ጠርቶ ይዟት በረረ። ቁስሉ በዝምታ ሲበላት ከርሞ ዓይኗን በስቶታል፤ ውሃው ፈስሷል።

ሆስፒታሉ በዚህ ጊዜ ሳህሌን አልሰማውም። ለቀዶ ጥገና ፊርማ ዘመድ አያስተረጉምም አሉት፤ ሕግ ነው። አንዲት አዛውንት አመጡ። ወይዘሮ ጸሃይነሽ ይባላሉ፤ አስመራ ባማርኛ የተማሩ፣ ቃል የማይጥሉ ሴት ናቸው። በሁለቱ መሀል ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ሐኪሟ ጠብታውን አቋርጠው እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ ከሆነስ መቼ?» አሉ።

አልታየሽ መሬት መሬት አየች። «አራተኛው ሳምንት ሲያልቅ። ጠብ ባደረግሁት ቁጥር እንደ በርበሬ ያቃጥለኝ ጀመር። መድኃኒቱ የተበላሸ መሰለኝ። አመመኝ እንዳልል ደግሞ በሰው ፊት መስክሬያለሁ፤ ሳህሌን መሳቂያ አደርገዋለሁ። ተውኩት። ስተወው ሕመሙም ተወኝ። ዳንኩ ብዬ ዝም አልኩ።»

ወይዘሮ ጸሃይነሽ ተረጎሙት። የሐኪሟ እጅ ልትጽፍበት በነበረው ወረቀት ላይ ቀረ። ከዚያ ሳህሌን እያየች ረዘም አድርጋ ተናገረች። ሳህሌ እንግሊዝኛውን ሰምቷል፤ አማርኛው እስኪመጣ ያለችው ያቺ ጥቂት ጊዜ ግን በዕድሜው ካየው ሁሉ ረዘመችበት።

«ያቃጠለዎት ነርቩ እየተነሣ ስለነበር ነው ይላሉ» አሉ ወይዘሮ ጸሃይነሽ። «መዳን ጀምረው ነበር። ሊያምዎት እንደሚችል፣ ቢያምዎትም እንዳያቋርጡ፣ በመጀመሪያው ቀን ለባለቤትዎ ነግሬያቸዋለሁ ይላሉ።»

አልታየሽ ወደ ባሏ ዞረች። በዚያ ዓይን አታየውም፤ ግን ዞረች።

«ነግራህ ነበር?»

«እንዳላሟርትብሽ ብዬ ነው፣ አልታየሽ።»

«እኔም እንዳላሳፍርህ ብዬ።»

ወይዘሮ ጸሃይነሽ፣ ሥራቸው ነውና፣ ይህንንም ለሐኪሟ ተረጎሙት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል የኛ ሰው። እነዚህ ሁለቱ መድኃኒቱን በየሁለት ሰዓቱ እጃቸው ላይ ይዘውት ነበር። እርስ በርሳቸው እየተዋደዱ፣ እየተሳሰቡ፣ አንዱ ለአንዱ ሲል ዓይኗን አጠፉት። ክፋት ቢሆን እኮ ይሻል ነበር፤ ክፉን ሰው ቢያንስ ይረግሙታል።

ቀዳዳውን በሙጫ ደፈኑት። በላዩም ከወላድ እንግዴ ልጅ የተወሰደ ስስ ሽፋን፣ ከፀጉር በቀጠነ ክር፣ ዙሪያውን ሰፉበት። «ስፌቱ ቆንጆ ነው ወይ?» ብላ ጠየቀች አልታየሽ ስትነቃ፤ ማንም አልሳቀም። የሱቁን ቁልፍ ሳህሌ ወስዶ ለአከራዩ መለሰ። ያን እሑድ ፓስተሩ ማይክሮፎኑን ሲያቀብለው፣ ጉሮሮዬን አሞኛል ብሎ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ።

ከወር በኋላ ወደ ሆስፒታሉ ተመልሰው ሄዱ። ወይዘሮ ጸሃይነሽም መጡ፤ አሁን ሳህሌ አልተቃወመም። ጠብታው እንደገና ከተጀመረ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ነርቩ ከተነሣ ቁስሉ ሊዘጋ ይችላል፣ ዕይታውን ግን አልምልላችሁም ብላለች ሐኪሟ። ካልተነሣ ዓይኑን ጨርሶ ማውጣት ሊመጣ ነው። እንደ ድሮው ጥጡን አሹላ ቀረበች።

«ይሰማዎታል?» አሉ ወይዘሮ ጸሃይነሽ።

«አይሰማኝም።»

ሐኪሟ ትንሽ ጠበቅ አድርጋ ነካችው።

«አሁንስ?»

«ምንም የለም።»

አልታየሽ አገጯን መደገፊያው ላይ እንዳስደገፈች እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች፤ ዳብሳም የሳህሌን ጉልበት አገኘች።

«ሳህሌ» አለችው፣ «እንዲያመኝ ጸልይልኝ።»

ሳህሌ አፉን ከፈተ። ወይዘሮ ጸሃይነሽ የሚለውን ሊተረጉሙ ጠበቁ፣ ሐኪሟም ጥጡን ይዛ ጠበቀች፤ እሱ ግን ምንም አላለም።