ሳይታጠብ የተላከው ካፖርት

መልአኩ አረንጓዴውን የሥራ ካፖርት ሳያወልቅ አምስት ቀኑ ነው። ከሠፈሩ ከካሳራኒ በማታቱ ታክሲ ወደ ሥራ ሲሄድም፣ ራት ሲበላም፣ ሲተኛም ከላዩ አይለየውም። ጻቮ ጫካ ያለው የሥራ ባልደረባው ሂሻም፣ "ጠረንህ በደንብ እስኪገባበት ልበሰውና ሳታጥበው ላክልኝ" ብሎታል።

"ዛሬ ማታቱ ውስጥ አጠገብህ ማን ተቀመጠ?" አለችው ሚስቱ ሠርክ፣ አፍንጫዋን ይዛ።

"ማንም።"

"እነሱስ ይወርዳሉ። እኔ የት ልውረድ?"

ካፖርቱ የተፈለገው ለሚጣ ነው። ሚጣ ዝሆን ናት። እናቷ የሞተችው ገና የሦስት ወር ግልገል ሳለች ነበር፤ ናይሮቢ ባለው የሙት ግልገሎች ማሳደጊያ በጡጦ ያሳደጋት መልአኩ ነው። ደንቡ ጠባቂዎች በየሌሊቱ እንዲፈራረቁ ያዛል፤ ግልገል አንድ ሰው ብቻ ከለመደች ሌላውን ፍጡር አልፈልግም ትላለችና። መልአኩ ግን ጓደኞቹን ሻይ እየጋበዘ፣ ተራቸውን እየወሰደ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቧ ተኛ። ስትደነግጥ ግንባሯን ብብቱ ሥር ትቀብር ነበር። ያኔ ሂሻም "ሰውዬ፣ አንተ ነህ እንዴ የወለድካት?" እያለ ይስቅበት ነበር።

አሁን ሚጣ ጻቮ ጫካ ከተለቀቀች ዓመት አልፏታል። የዱር መንጋ ሁለት ጊዜ ተቀብሏታል፤ አሮጊቷ መሪ ኩምቢዋን ሚጣ አፍ ውስጥ ከትታ አሽትታታለች። ሚጣ ግን ሁለቱንም ጊዜ ትታቸው፣ የሰው ድምፅ ወደሰማችበት መንደር ወረደች፤ የበቆሎ ማሳም ረገጠች። መንደርተኞቹ መጀመሪያ በድንጋይ መለሷት። ቀጥሎ በቀስት ወጓት። ፍላጻውን ከጭኗ ያወጣው ሐኪም፣ በሦስተኛው እንደሚገድሏት ተናገረ። ስለዚህ ሰውን መፍራት አለባት፤ ከሰው ሁሉ ደግሞ መልአኩን።

ካፖርቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ላከው፤ ሂሻም ለብሶት ሊያስፈራራት።

ሐሙስ ጠዋት ለግልገሎቹ ወተት ሲበጠብጥ ሂሻም ደወለ።

"ለበስኩት" አለ እያሳለ። "በርበሬ ከደረቅ ፋንድያ ጋር አጨስን፤ ቆርቆሮ ደበደብን። እየሮጠች መጣች።"

"ሸሸች ነው የምትለኝ?"

"መጣች አልኩህ። ጠረንህን ከሩቅ ሰምታ። ጭሱ ዓይኗ ውስጥ ሲገባ ጮኸች፤ ከዚያ…"

"ከዚያ ምን?"

"ብብቴ ሥር ገባች፣ መልአኩ። ያን የሚያህል ግንባር ይዛ። ያስፈራናት እኛ፣ መደበቂያዋም እኛ።"

መልአኩ የወተቱን ባልዲ መሬት አስቀመጠ። "መንጋውስ?"

"ከወንዙ ማዶ ቆመው ያያሉ። ከሰዓት በኋላ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ለዛሬ ይብቃት?"

ግልገሎቹ ወተቱ ዘገየብን ብለው ከኋላው ይጮኻሉ።

"ድገመው" አለ። "በርበሬውን ጨምር። ስትጠጋህ ግንባሯን በዱላ በላት።"

"የምትመታት አንተ ነህ፤ ጠረኑ የአንተ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ስልኩን ልዝጋው?"

"አትዝጋው።"

ቆርቆሮው ተንኳኳ። ሂሻም አሳለ። ቀጥሎ ሚጣ ጡጦዋ ሲዘገይ ታሰማው የነበረው ቀጭን ድምፅ መጣ። ዱላው አረፈ። ድምፁ ቀረበ። ዱላው እንደገና አረፈ፤ ከዚያም ደጋግሞ። መልአኩ መቁጠሩን ተወው።

"ሄደች" አለ ሂሻም በመጨረሻ። "ወንዙን ተሻግራለች። ከመንጋው ራቅ ብላ ቆማለች።"

"ወደ አንተ ታያለች?"

"አታይም። ጀርባዋን ሰጥታኛለች።"

"ጥሩ ነው" አለ መልአኩ።