የኤረር በሩ ኮምፕረሰር

የአባቴ ጎሚስታ ቤት ከኤረር በር ወጣ ሲሉ በግራ በኩል የሚገኝ፣ በሩ ወደ መንገድ የሚከፈት አንድ ክፍል ነበር። ከጀርባው የአከራያችን፣ እንደ አባት «አው» እያልን የምንጠራቸው የዐብዱልቃዲር ግቢ ነው። አባቴ ኤልሳዕ ባለፈው ክረምት ከሞተ ወዲህ በሩ አልተከፈተም። አው ዐብዱልቃዲር ለቅሶ ሲመጡ እናቴን፣ «ሙሉነሽ፣ ዒድ እስኪያልፍ ስለ ቤቱ አልናገርም። ከዚያ ወዲያ ግን ወይ ክፈቱት ወይ ልቀቁልኝ» አሏት። የእህታቸው ልጅ ቤቱን ለሞባይል ዕቃ መሸጫ እንደሚፈልገው ሁላችንም እናውቅ ስለነበር፣ ይህን ያህል መታገሣቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

እኔ ልክፈተው አልኩ።

ምሳ ላይ ነበርን። እናቴ ጉርሻዋን እጇ ላይ እንደያዘች ዞር ብላ አየችኝ። መካኒካል ኢንጂነሪንግ ተምሬ ከተመረቅሁ በኋላ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር መቆም ሰልችቶኝ ነበር። ጎማ መጠገን የተመረቅሁበት ሥራ አይደለም። ነገር ግን ማንንም ሳልለምን፣ በሩን በራሴ ቁልፍ ከፍቼ የምገባበት ሥራ ነው። ከዚያ የበለጠ የምፈልገው ነገር አልነበረም።

የአባቴ ታናሽ ወንድም እንደሻው ከት ብሎ ሳቀ። «ልደት ጎሚስታ ልትሆን ነው? ጎማውን በቀመር ልትነፊው ነው?»

«ጋሼ፣ ኮምፕረሰሩ ከተነሣ ሌላው ቀላል ነው።»

«ኮምፕረሰሩ ግማሹ የእኔ ነው፤ ከአባትሽ ጋር ነው የገዛነው።» ትንሽ አሰበ። «ግድ የለም፤ ካስነሣሽው ሥሪበት። ካልተነሣ ለቁራሌው ነው የምሰጠው።»

እንዲህ ተስማማን።

ኮምፕረሰሩ ከላይ ሞተርና ሁለት ራስ ያለው የብረት ፓምፕ አለው። ከሥሩ ደግሞ በአራት እግር የቆመ ረጅም ታንከር ነው። ሞተሩ በቺንጊያ ፓምፑን ያዞራል፣ ፓምፑ አየሩን እየጨመቀ ወደ ታንከሩ ይከታል፣ ጎማ የሚነፋውም ከታንከሩ በሚወጣው አየር ነው። ፓምፑን ፈትቼ ካርቶን ላይ ደረደርኩት። ሲሊንደሮቹ አልተጫሩም። የተበላሸው ትንሽ ነገር ነበር፤ ቺንጊያው ተሰነጣጥቋል፣ የአየር ማስገቢያና ማስወጫ ምላሶቹ የተቃጠለ ዘይት ጋግሮባቸዋል፣ ፒስተኑን የሚከቡት ቀለበቶች፣ መካኒኮቹ ፋሻ የሚሏቸው፣ ተበልተዋል። ፓምፑን ሳየው ደስ አለኝ።

ወደ ታንከሩ ስዞር፣ ሴፍቲ ቫልቭ መኖር በነበረበት ቦታ ላይ ቡሎን ታስሮ አገኘሁ። ሴፍቲ ቫልቭ የታንከሩ ግፊት ሲበዛ ራሱ ተከፍቶ አየር የሚያስተነፍስ ነገር ነው። እንደሻውን ጠየቅሁት።

«እሱን አታነሺው፤ ትልቅ ታሪክ አለው» አለኝ እየሳቀ። «ሞተሩን የሚያጠፋው አውቶማቲክ ተበላሽቶ ነበር። እኛ ደግሞ ከምሳ በኋላ እዚህ ጀርባ አው ዐብዱልቃዲር ጋ ጫታችንን ይዘን በርጫ ላይ ነን። ሞተሩን ማን ሄዶ ያጥፋው? ይሞላ ይሞላና ልክ ምርቃናው ሲመጣ ያ ቫልቭ መጮህ ይጀምራል። ጨዋታ የለ፣ ምን የለ። አንድ ቀን አባትሽ ተነሥቶ ሄደና ቡሎን ከተተበት። ከዚያ ወዲህ ሰላም ሆነ።»

እናቴም ሳቀች። እኔም ሳቄን ጀምሬ ተውኩት።

ከታንከሩ ሥር ደግሞ ማታ ማታ መከፈት ያለበት ቧንቧ አለ። አየር ሲጨመቅ ውሃ ያጠራቅማል፤ ያ ውሃ ካልተደፋ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ቧንቧው ዝጎ ከቦታው አልነቃነቅ አለ። ከበርጫ በኋላ ማን ጎንበስ ይላል? በመዶሻ መትቼ ሳስለቅቀው እንደ በርበሬ የቀላ ውሃ እግሬ ላይ ፈሰሰ። ሰው ሁሉ አባቴን «ማሽን የሚያውቅ» ይለው ነበር። ወለሉን ጠርጌ ለማንም ሳልናገር ወደ ቤት ሄድኩ። ታንከሩንም ለመጨረሻ አቆየሁት። ፈርቼው ነበር።

መለዋወጫ የምትሸጠው ኑሰይባ ሱቋን ከእናቷ የወረሰች፣ ፈጣንና ተጫዋች ሴት ናት። እንደሻው ደውሎላት ኖሮ፣ ስደርስ ሙሉ የፓምፕ ራስ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አቁማ ጠበቀችኝ። አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ አሉሚኒየም ነው።

«አጎትሽ ይሄን ስጫት ብሎኛል። ፈታሽ፣ አሠርሽ፣ አለቀ።»

በአንድ እጄ አነሣሁት። ወዲያው መልሼ አስቀመጥኩት።

«ምነው?»

«ቀለለኝ።»

«በኪሎ አይደለም እኮ የምሸጠው፣ ልደት። ሰው የሚቀለውን ይመርጣል፣ አንቺ ክብደት ትፈልጊያለሽ።»

«የእኛው ብረት ነው። ሙቀት ይችላል፤ ይሄ ቀኑን ሙሉ ቢሠራ አይዘልቅም። ፋሻ ብቻ ስጪኝ።»

የእኛን ሲሊንደር በፌስታል ይዤ ሄጄ ነበር። ያመጣችልኝን የመጀመሪያውን ፋሻ ውስጡ ከትቼ ወደ በሩ ብርሃን አዞርኩት። በፋሻውና በግድግዳው መካከል ብርሃን ያልፋል። ሌላ አመጣች፤ ካርቶኑ አሮጌ፣ ዘይት የጠጣ፣ ከእናቷ ዘመን የተረፈ ነው። እሱ ዙሪያውን አንድ የብርሃን ክር እንኳን አላሳለፈም።

«ሱብሐነላህ» አለች ኑሰይባ፣ ክርኗን ባንኮኒው ላይ አስደግፋ። «ፋሻ እንደ ወርቅ የሚገዛ ሰው ዛሬ አየሁ። አባትሽ በስልክ ነበር የሚያዘኝ፤ የሰጠሁትን ይወስዳል።»

ቺንጊያም ወሰድኩ፣ መጋጠሚያዎቹን የሚያሽገውን ጓርኒሲዮንም፣ ሞተሩን የሚያጠፋውን አውቶማቲክም። በመጨረሻ ሴፍቲ ቫልቭ አለሽ ወይ አልኳት።

«እሱን የሚጠይቀኝ የለም። ሰው የሚጠይቀኝ የሚደፍንበትን ቡሎን ነው።» ጎንበስ ብላ ከታችኛው መደርደሪያ ፈለገችና አቧራውን በእጇ ጠርጋ ሰጠችኝ። «እንዳመጣሁት ያለ ነው። አየር እንዲያመልጥብሽ ገንዘብ ትከፍያለሽ፣ አይደል? ውሰጂው፣ ይሁንልሽ።»

ፓምፑን ከታንከሩ ሳላገናኝ ለብቻው አስነሣሁት። አንዴ አጉረመረመና ወዲያው ድምፁ ተስተካከለ። እንደሻው መዳፉን አየር መውጫው ላይ ቢያደርግ አየሩ ገፈተረው። «ይቺ ልጅ!» አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። አው ዐብዱልቃዲር ከግቢያቸው ወጥተው፣ «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» አሉ። ያን ቀን ቤቱ የእኔ ነበር። ግድግዳውን ምን ቀለም እንደምቀባው ሁሉ አስቤ ነበር።

በማግሥቱ ታንከሩን ውሃ ሞላሁት። አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ግፊት የሚፈትሽበትን የእጅ ፓምፕ አውሶኝ ነበር። አየር ሲፈነዳ ብረቱን ይዞት ይበራል፤ ውሃ ግን ታንከሩ ቢሰነጠቅ እንኳን መሬት ያርሳል እንጂ ሰው አይገድልም። ለዚህ ነው በውሃ የሚፈተሸው። የፓምፑን እጀታ እየተጫንኩ የግፊት መለኪያውን አየሁ። ጎማ የሚነፋበት ግፊት ላይ እንኳን ሳይደርስ የታንከሩ ሆድ አላበው። ከዚያ አንድ ቀጭን የውሃ ክር ወጣ፣ ቀጥሎም ከጎኑ ሌላ። ደረቅ ጨርቅ ይዤ ተንበርክኬ ጠረግሁት። ደግሞ ወጣ።

እንደሻው መጥቶ አየ። «ይሄማ ብየዳ ነው። ሠራተኛ አመጣለሁ፣ ብረት ይለጥፍበታል፣ አለቀ።»

«ጋሼ፣ ቀዳዳው አይደለም ችግሩ። ሆዱ እንዳለ ሳስቷል። የሚለጠፈው ብረት የሚይዘው ጤነኛ ቦታ የለም።»

«አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ሐኪም ቤት ልትወስጂው ነው።»

«ድሬ ሌላ ታንከር እናፈላልግ። ፓምፑና ሞተሩ ይበቁናል፤ ታንከሩን ብቻ እንቀይር።»

«ጊዜ የት አለና? ዒድ አለፈ እኮ።»

ነገሩ ያለቀው እንደ ሁልጊዜው በርጫ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ እንደሻው አው ዐብዱልቃዲር ጋ ገባ፤ ጥቂት ቆይቶ አስጠራኝ። ሰዎቹ ትራስ ተደግፈው፣ ጫታቸውን ፊታቸው አስቀምጠው ተቀምጠዋል። ሁሉም አባቴን የሚያውቁ ናቸው። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ነይ ልጄ» አሉ አው ዐብዱልቃዲር። «እንደሻው ታንከሩ በብየዳ ይድናል ይላል። ግን አንቺ ነሽ የተማርሽው። ዋላሂ አንቺ ይሆናል ካልሽ ነገ ቤቱን ትከፍቻለሽ፤ የእህቴን ልጅ ሌላ ፈልግ እለዋለሁ።»

«ትንሽ ጊዜ ቢሰጡን፣ ሌላ ታንከር…»

«ጊዜውን ሰጥቻለሁ፣ ልጄ። እሱን አትጠይቂኝ። አሁን ያለው ይሆናል ወይስ አይሆንም?»

እንደሻው አየኝ። አልተቆጣም፤ እንደ ልመና ነበር። ሌሎቹም ቅጠል መቀንጠስ አቁመው አዩኝ። አንድ ቃል ነበር የሚፈለግብኝ። ሁሉም እንድለው የሚፈልጉት ቃል ነበር፣ እኔም ጭምር።

«አይሆንም» አልኩ። ድምፄ አልተሰማም፤ ደግሜ ማለት ነበረብኝ። «አይሆንም፣ አባ። እኔ አጠገቡ አልቆምም።»

አው ዐብዱልቃዲር በእጃቸው የነበረውን ቅጠል መልሰው አስቀመጡ። «አልሐምዱሊላህ ጠየቅሁሽ» አሉ። «ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ልጆች ይተኛሉ። አንቺ የማትቆሚበትን ነገር እኔ ቤቴ አላስገባም። እንግዲህ ቤቱን ለእህቴ ልጅ እሰጠዋለሁ። እንዳትቀየሙኝ።»

እንደሻው ተከትሎኝ ወጣ። በመንገዱ ላይ ሰው ስለነበር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው።

«አንዲት ይሆናል ማለት ምን ይጎዳሽ ነበር?»

«ቢፈነዳስ?»

«አባትሽ ላይ ፈነዳ?»

አባቴን ያተረፈው ዕድል ብቻ ነው ማለት ለመንገድ የሚሆን መልስ አልነበረም።

ቤቱን አስረከብን። ኮምፕረሰሩን እንደሻው ወሰደው። ታንከሩን አስበየደ፣ ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ ቀለም አስቀባ፣ ሐኪም ጋራ በሚባለው ኮረብታ ላይ አዲስ ጎሚስታ ቤት ለከፈተ ወንድወሰን ለሚባል ሰው ሸጠው። ወንድወሰን የፓምፑን ድምፅ ሰምቶ ወዲያው ነው አሉ የተስማማው። እኔ ባልነካው ኖሮ ኮምፕረሰሩ ለቁራሌው ሄዶ፣ ታንከሩም ተቆራርጦ ይቀር ነበር።

ይህን ስሰማ ወደ ሐኪም ጋራ ሄድኩ። የምለውን መንገድ ላይ ደጋግሜ አጥንቼ ነበር። ወንድወሰን ትልቅ ሰው ነው፤ ጨዋ ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

«የኤልሳዕ ልጅ ነኝ» አልኩት። «ታንከሩ ከሥሩ ተበልቷል። ቀለሙ ነው ያሳመረው። እባክዎ አይሥሩበት።»

«አጎትሽ ነግሮኛል።»

«ምን አለዎት?»

«ልጅቱ ትመጣለች አለኝ። ቤቱን ስላጣች ተናዳለች፤ ስለ ዕቃው ክፉ ታወራለች፣ እንዳትቀየማት ብሎኛል።» ፈገግ አለ፤ የመረዳት ፈገግታ ነበር። «አልቀየምሽም። እኔም አባት ሞቶብኛል።»

«በውሃ ፈትሼዋለሁ። ግፊቱ ሳይሞላ ነው ማንጠባጠብ የጀመረው።»

«ውሃ ከሆነማ ያንጠባጥባል። እኔ የምሞላው አየር ነው።»

አየር ከውሃ እንዴት እንደሚብስ ላስረዳው ጀመርኩ። ሰማኝ፤ በትዕግሥት፣ ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ስጨርስ፣ «ፓምፑን አንቺ ነሽ የሠራሽው አሉ። እጅሽ ይባረክ፣ እንደ አዲስ ነው። ይሄን የሠራ ሰው ታንከሩን እንዲህ ሲጠላው ይገርመኛል» አለኝ። ደንበኛ መጥቶ ነበርና ተነሣሁ።

እናቴ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ከሐኪም ጋራ በኩል የመጣ ሰው ስታገኝ ግን ማሽኑን ትጠይቃለች።

«ያ የኤልሳዕ ኮምፕረሰር ይሠራል?»

«እንዴት ይሠራል መሰለሽ፣ ሙሉዬ። ሰው ተሰልፎ ነው የሚያስነፋበት።»

«እሰይ» ትላለች። ወደ እኔ አታይም። እኔም ወደ ጓዳ እገባለሁ።

ተበይዶ ከተሸጠ ወራት አለፉ፤ አልፈነዳም። የሠራበት ቀን ሁሉ በእኔ ላይ ይመሰክራል። ነገ ሊለቅ ይችላል፣ ከዓመታት በኋላም ሊለቅ ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ነገር ለሰው አስረድቼ አላውቅም። ለሥራ ባመለከትኩበት አንድ መሥሪያ ቤት እንኳን አንድ የምናውቀው ሰው፣ «የአባቷን ቤት ያዘጋችው ልጅ» ብሎ ሲያስተዋውቀኝ ሰማሁ። ለቀልድ ነበር።

አሁን ሐኪም ጋራ ላይ እየተከፈለኝ የሰዎችን ልጆች አስጠናለሁ። ባለፈው ሳምንት የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሹፌር ሳይነግረኝ ከመንገድ ወጥቶ ወንድወሰን ደጃፍ ቆመ።

«አንዴ ጎማ ላስነፋና እንሄዳለን» አለኝ ሹፌሩ። «አየሩ የእሱ ጥሩ ነው።»

ሰማያዊው ታንከር በሩ አጠገብ ነበር። ወንድወሰን ጎማው ሥር ተንበርክኮ ነበር፤ አይቶኝ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ። ሁለት ሴቶች ጥላው ውስጥ ቆመው ያወራሉ። አንዷ ሕፃን አዝላለች። አፌን ልከፍት አልኩ። የምለውን ሁሉም ሰምተውታል።

ሂሳቡን ሰጥቼ ወረድኩ።

«አደርስሻለሁ እኮ፣ ደቂቃ አይፈጅም» አለ ሹፌሩ።

«በእግሬ ይሻለኛል።»

ዳገቱን ጀምሬ ጥቂት እንደሄድኩ ከኋላዬ፣ «ምን ሆና ነው?» ሲል ሰማሁት።

«ተዋት» አለው ወንድወሰን። «ማሽኑ ስለሚሠራ ነው የምትናደደው።»

ዞር ብዬ አላየሁም። ዳገቱን ስወጣ፣ ውሸቱን ነው ለማለት ፈልጌ ነበር። ጆሮዬ ግን ወደ ኋላ ነበር፤ የምጠብቀውም ድምፅ የፓምፑ ሳይሆን የፍንዳታው እንደሆነ አውቀዋለሁ።