አልጋ ላይ የተሰጣ ስንዴ

አርጊሪስና ላማራ የተጋቡት በአርጊሪስ አባት የአርባ ተዝካር ዋዜማ ነው። በእኛ መንደር ለሠርግ ከዚያ የባሰ ቀን የለም። ሰው ሲሞትብን ዓመቱ እስኪወጣ አንደግስም፣ ዘፈን አንከፍትም፣ ፎቶ እንኳ አንነሳም። ልጆቹ ይህን አጥተውት አይደለም። ምርጫ ስላልነበራቸው ነው።

ከሥሩ ልንገራችሁ። የአርጊሪስ አባት ፎቲስ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጓደኛዬ ነበር። እሱ ፖም ሲለቅም፣ እኔ የመንደሩን አውቶቡስ ስነዳ አብረን አረጀን። አንድ ጎኑ አልታዘዝ ሲለው ቤተሰቡ አስታማሚ ቀጠረ። ላማራ ትባላለች፣ ከጆርጂያ የመጣች ናት። ከእሷ አገር የሚመጡ ሴቶች ባይኖሩ እዚህ ሽማግሌ የሚያነሳ ሰው የለም፤ የእኔም ቀን ሲደርስ የምታጥበኝ ከእነሱ አንዷ ሳትሆን አትቀርም። ላማራ ፎቲስን ስትገለብጥ፣ ስታጥብ፣ ጢሙን ስትላጭ አርጊሪስ ከአጠገቧ አይጠፋም ነበር። ዕድሜው አርባን ያለፈ፣ የጀልባ ሞተር የሚጠግን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። እሱ በትከሻ እሷ በእግር ይዘው አባቱን ሲያነሱና ሲያስተኙ ተዋደዱ።

ፎቲስ አውቋል። ምላሱ ተሳስሮ እንኳ "አግባት… አትቆይ" ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሳያይ ሞተ። የላማራ የመኖሪያ ፈቃድ ደግሞ በማስታመም ሥራዋ የተሰጠ ስለነበር ሊያበቃ ተቃርቧል። ማዘጋጃ ቤቱ ያለኝ ክፍት ቀን ይኸው ነው ብሎ የሰጣቸው ያቺን ቅዳሜ ነው።

የፎቲስ ሚስት ዛካሩላ ስትሰማ "የባሌ አርባ ሳይወጣ!" አለች። ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣትም። ዝም ያለች ዛካሩላ ደግሞ ከምትጮኸዋ ትከፋለች።

እኔ አንዱ ምስክር ነበርኩ። የለበስኩት ፎቲስን የቀበርኩበትን ሱፍ ነው። ላማራ ቡናማ ቀሚስ ለብሳለች። ፈርመን ወጣን፣ ወደ ቤት ሄድን። ማድ ቤቱ በስንዴ እንፋሎት ታፍኗል፤ ዛካሩላ የተዝካሩን ንፍሮ ቀቅላለች። ይህ ስንዴ ነጭ ጨርቅ ላይ ተሰጥቶ ሳይደርቅ ካደረ ይጎመዝዛል። ጠዋት በስኳርና በሮማን ፍሬ ተለውሶ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ከድስቱ የተረፈውን ቆመን በላን። የሠርጉ ግብዣ እሱ ነበር።

እኔ ቤቴ ገባሁ። የቀረውን ላማራ በኋላ ነው የነገረችኝ። የመኝታ ቤታቸውን በር ሲከፍቱ አልጋው ላይ ነጭ አንሶላ ተነጥፎ፣ ስንዴው ከራስጌ እስከ ግርጌ ተሰጥቶበታል። አርጊሪስ ሊያነሳው ሲል "ተው፣ የአባትህ ነው" አለችው። ማድ ቤት ወለሉ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፈው ተኙ። ሙሽሮቹ እንዲህ አደሩ።

ከዚያ የወረቀቱ ነገር መጣ። በሚስትነት ለሚሰጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻቸውን አስገቡ፣ ክረምቱ አለፈ፣ ፖሙ ሲያብብ ለቃለ መጠይቅ ተጠሩ። ለወረቀት ብለው የሚጋቡ ስላሉ ባልና ሚስቱን ለየብቻ ይጠይቋቸዋል። በእኔ መኪና ወሰድኳቸው። አርጊሪስ መንገዱን ሙሉ ጥያቄ ያለማምዳታል።

"የጥርስ ብሩሽሽ ቀለሙ ምን ነበር?"

"ሰማያዊ። ያንተ ደግሞ ጠጉሩ ያለቀው።"

"ቀልድ አይደለም ላማራ!"

"ማን ቀለደ? ጋሼ ላዛሮስ፣ በእግዜር፣ ብሩሽ ግዛ በሉት።"

"ዝም ብላችሁ የምታውቁትን ተናገሩ" አልኳቸው። "አብራችሁ አይደለም እንዴ የምትኖሩት? ምን ያስጨንቃል?"

ተጠይቀው ሲወጡ የአርጊሪስ ፊት አመድ መስሏል። መኪናው ውስጥ ገብተን በሩ እንደተዘጋ ላማራ ጠየቀችው።

"ስለ ሠርጉ ምን አልካቸው?"

"በግ ጠብሰን ጨፈርን አልኩ።"

"ምን?"

"እስኪነጋ ጨፈርን አልኩ።"

"የት አደራችሁ ሲሉህስ?"

"ቮሎስ ከተማ፣ ከባሕሩ ዳርቻ ያለ ሆቴል።"

ላማራ ግንባሯን በመዳፏ ያዘች። "እኔ ንፍሮ በላን፣ ወለል ላይ ተኛን አልኳቸው። አልጋው ላይ ስንዴ ነበር አልኩ። ጸሐፊዋ ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝ እኮ!"

"አንተ ልጅ፣ ለምን ዋሸህ?" አልኩት።

"አፈርኩ፣ ጋሼ። የሌላ አገር ሰው ቢሆን እነግረው ነበር፣ ምንም አይገባውም። እነዚህ ግን የእኛው ሰዎች ናቸው። በአባቴ ተዝካር ዋዜማ፣ በንፍሮ አገባሁ ልበላቸው?"

ላማራ አልጮኸችበትም። መስኮቱን እያየች "አንተ አፍረህ እኔ ልባረር ነው" አለች።

ብዙም ሳይቆይ ደብዳቤ መጣ። ቃላቸው ስላልተገጣጠመ ጋብቻው አጠራጥሯል፤ ማስረጃና ምስክር ይዘው እንደገና ይቅረቡ፣ አለዚያ ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል ይላል። ውድቅ ከሆነ ላማራ ትሄዳለች። የሠርግ ፎቶም ተጠይቋል። አርጊሪስ የአክስቱን ልጅ ቬሎ ተውሰን አሁን እንነሳ ቢላት "አንዱ ውሸት አልበቃህም?" አለችው።

እኔ ስለ ፊርማው መመስከር እችላለሁ። ስለ አልጋው ግን ከሁለቱ ሌላ የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ናት። ሄድኩላት። ዛካሩላ ጥቁሯን ለብሳ በረንዳ ላይ ባቄላ ትፈለፍላለች።

"ዛካሩላ፣ እንድትመሰክሪ ያስፈልጋል።"

"ለማን?"

"ለምራትሽ።"

"ለያቺ?" ፍልፋዩን ሳህን ውስጥ ወረወረችው። "አገር የላትም? ትሂዳ።"

"ስንዴውን አልጋው ላይ ለምን አሰጣሽው?"

"የት ላስጣው? አናትህ ላይ?"

"ጠረጴዛው ባዶ ነበር። እኔ ራሴ ባርኔጣዬን አስቀምጬበት ነበር።"

"አንተ ላዛሮስ፣ አውቶቡስ ከተውክ ወዲህ ወሬ ነው የምትነዳው።"

ልሄድ ተነሳሁ። ውስጥ፣ በፎቲስ ፎቶ ፊት የዘይት መብራቱ ይነዳል። የዛካሩላ እጅ ክብሪት መጫር ካቃተው ሰንብቷል፤ ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

"መብራቱን ማን ነው የሚያበራልሽ?" አልኳት።

ወደ መብራቱ ዞር ብላ አየች። ባቄላዋን ቀጠለች።

የቀጠሮው ዕለት ጠዋት ላማራ ኋላ፣ አርጊሪስ ጋቢና ገብተው ሞተር አስነስቻለሁ። ዛካሩላ የቤተ ክርስቲያን ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን በደረቷ አቅፋ ከግቢ ወጣች። ሐዘን ከገባች ከቤተ ክርስቲያንና ከመቃብር ሌላ የትም ሄዳ አታውቅም።

"ምን ታፈጥብኛለህ? በሩን ክፈት!"

ቢሮው ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። የምትመራቸው መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ቀድሞ አርጊሪስ ተናገረ።

"በግም ሆቴልም አልነበረም። ባለቤቴ ያለችው ነው እውነቱ።"

"ታዲያ ለምን ዋሹን?"

"አፍሬ ነው።" እናቱን አየት አድርጎ አንገቱን ደፋ። "ደግሞ ስለ አልጋው ካነሳሁ… እናቴን መክሰስ ሆነብኝ።"

ይህን እኔም አልሰማሁም ነበር። ዛካሩላ አጠገቤ ቦርሳዋን ስትጨብጥ ቆዳው ሲንቋቋ ሰማሁ። ተነሳች።

"ስንዴውን ያሰጣሁት እኔ ነኝ" አለች።

"ይቀመጡ እማማ። ሌላ ማስጫ ቦታ ጠፍቶ ነው?"

"ጠረጴዛው ባዶ ነበር። እንዳይተኙበት ብዬ ነው። ባሌ አፈር ውስጥ፣ እነሱ አልጋ ላይ… አንጀቴ እምቢ አለኝ። ክፋት ነው፣ አውቃለሁ። ለቄሱ እንኳ አልተናገርኩትም።"

"ምራትዎ ምን አለች?"

"ምን ትላለች! ጠዋት ስነሳ ስንዴውን እየሰበሰበች አገኘኋት። አንዲት ፍሬ መሬት አልጣለችም። ሮማኑን ፈልፍላ፣ በስኳር አብራኝ ለወሰችው። ያንን ክፋቴን እያወቀች ድስቱን ተሸክማልኝ ቤተ ክርስቲያን ሄደች።" ዛካሩላ ወደ ሰብሳቢዋ ዞረች። "ለወረቀት የመጣች ሴት በዚያው ጠዋት ጓዟን ትጠቀልል ነበር። እኔ ብሆን ሄጄ ነበር።"

ጥግ የተቀመጠው ሰውዬ "የእኔም እናት አልጋ ላይ ነው የምታሰጣው" አለ። ሰብሳቢዋ ዘወር ብላ ስታየው ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። እሷም ግን ከንፈሯ ላይ ሳቅ ነበር። ስታሰናብተን አርጊሪስን "ያንን በግ ግን አንድ ቀን ጥበሰው፣ ልጄ" አለችው፤ አንቱታውን ረስታው።

ስንመለስ፣ የወይራውን ተዳፋት ስንወጣ ዛካሩላ ከኋላ "ላማራ፣ መስኮቱን ዝጊልኝ፣ በረደኝ" አለች። በስሟ ስትጠራት መጀመሪያ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ላማራ መስኮቱን ዘጋች።

ፈቃዱ በፖም ለቀማ ወራት መጣ። ላማራ ካርዷን ለጎረቤት ሁሉ አሳየች፤ ፎቶዋ ላይ ዓይኗ ስለተጨፈነ ሲስቁባት አብራ ሳቀች።

ቀጥሎ የፎቲስ ሙት ዓመት ደረሰ። በዋዜማው ወንበር ላዋሳቸው ስሄድ ስንዴው ተቀቅሎ በወንፊት ውሃው ይንጠፈጠፋል። ዛካሩላ ነጭ አንሶላዋን ይዛ ወደ ራሷ መኝታ ቤት ስትገባ አየሁ። ላማራ ተከተለቻት።

"እማማ፣ ጠረጴዛው ባዶ ነው እኮ።"

"አየሁት። ያንን ጫፍ ያዢ፣ ወደ አንቺ ሳቢው።"

"እርስዎስ የት ሊተኙ ነው?"

"ማድ ቤት። አንቺ ከተኛሽበት ወለል እኔን ምን ይለየኛል?"

ሁለቱ አንሶላውን ወጥረው አነጠፉ፤ ስንዴውንም ከራስጌ እስከ ግርጌ አሰጡት። ላማራ ከዚያ ወጥታ የራሷን ፍራሽ እየጎተተች ወደ ማድ ቤት አመጣችላት፤ ዛካሩላ "አሮጊት አታድርጊኝ!" እያለች ተቆጣቻት፣ ግን ፍራሹን አልመለሰችውም።