ከናዝራዊት ደጅ የተነሳው ጭስ

ሕዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እማማ ጠጅቱ ከናዝራዊት ደጅ ቆመው ክብሪት ጫሩ።

ቡራዩ ውስጥ በዚያ ሰፈር ሕዳር ሲታጠን ቆሻሻው የሚቃጠለው ሁልጊዜ ከታች፣ ከቦዩ ዳር ነበር። በዚያ ቀን ሰው ሁሉ የግቢውን ጥራጊ አውጥቶ ያነዳል፤ ድሮ አገር የጨረሰው በሽታ የወጣው በጭስ ነው ይባላል። እማማ ጠጅቱም ከእናታቸው የሰሙት ይህንኑ ነው። ዘንድሮ ግን ቦታውን የቀየሩት አስበውበት ነው።

ናዝራዊት የግድግዳ ጎረቤታቸው ናት። ከባሏ ከአሥራት ጋር ከደብረ ታቦር መጥታ፣ የእማማ ጠጅቱ ባል ገብስ ይዘራበት በነበረው መሬት ላይ ቤት ሠርታ ገባች። እሷ እናቷን ከቀበረች ቆይታለች፤ እሳቸው ደግሞ ሴት ልጅ አልወለዱም። "ኢንተላ ኮ" ይሏታል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ዝናቡ ቆሞ፣ ከካባው ድንጋይ የሚያመላልሱት ሲኖትራኮች መንገዱን ዱቄት ማድረግ ሲጀምሩ የናዝራዊት ደረት ይዘጋል። ሳሏ በግድግዳው ያልፋል። እሷ ካላረፈች እማማ ጠጅቱን እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

በየዓመቱ በሕዳር ሚካኤል ዋዜማ ናዝራዊት ሆለታ እህቷ ዘንድ ትሄድ ነበር። "ለንግሡ ነው" ትላለች። ዘንድሮ ከጥቅምት ጀምሮ ስለባሰባት መንገዱን አልቻለችውም። ያኔ ነው ነገሩ ለእማማ ጠጅቱ የተገለጠላቸው። የሰው ሁሉ ቤት ሲታጠን የእሷ ብቻ ተዘግቶ ይቀራል። በሽታው ታዲያ ሌላ የት ይሂድ?

ፊት ለፊት የሚኖሩት ኦቦ ዲሪርሳ ክብሪቱ ከመጫሩ በፊት የጥራጊውን ክምር አይተው ሳቁ።

"አደ ጠጅቱ፣ ሰፈሩን ሊያነዱት ነው እንዴ?"

"አንተ ዝም ብለህ ያንን አሮጌ ጎማ አምጣ። ከሚስትህ ይልቅ የምትሳሳለት ጎማ!"

"ጎማው እኮ አይነዘንዘኝም!" አሉና እያንከባለሉ አመጡት።

ናዝራዊት መስኮቱን ከፈት አደረገች። ከንፈሯ ደርቋል።

"ናዚ! ዘንድሮ ካንቺ ደጅ ነው የምጀምረው። ይውጣልሽ!"

ናዝራዊት ጎማውን አየች። ከዚያ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል የታቀፉትን አሮጊት አየች።

"አሥራት እስኪመጣ ብንቆይስ፣ እማማ?"

"አሥራት ደሞ ምን ያውቃል? ወንድ አይደል!"

ፈገግ አለች። "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ መስኮቱን ዘጋችው።

አሥራት ማልዶ አስኮ ሄዷል። የምትስበው ፓፍ አልቆባት፣ ከሰፈሩ መድኃኒት ቤት አጥቶ ነው። ሲወጣ "አይዞሽ፣ እሳቱ እንደሆነ ከቦዩ ዳር ነው" ብሏት ነበር።

ነፋስ የሚባል አልነበረም። ሌሊት የወረደው ቅዝቃዜ ገና ከመሬት አልተነሳም። ፌስታሉ፣ ጎማው፣ እርጥቡ ቅጠል አንድ ላይ ሲያያዝ ጭሱ ወደ ላይ መውጣት አቅቶት ከአጥር እስከ አጥር ተኛ። ከሌሎቹ ሰፈሮች የመጣውም ተጨመረበት። ከውስጥ ሳል ተሰማ። እየቆየ በረታ።

"በለው! እየወጣ ነው!" አሉ እማማ ጠጅቱ፤ ሌላ እቅፍ ቅጠል ጨመሩ።

ጥቂት ቆይቶ ሳሉ ቆመ። እማማ ጠጅቱ አማተቡ።

"ተመስገን። ተሻላት።"

አሥራት በጭሱ መሀል እየሮጠ መጣ። ፓፉ ከነካርቶኑ በእጁ ነው። ማንንም ሳያናግር በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ። ናዝራዊት ከመኝታ ቤቱ በር ሥር እርጥብ ፎጣ ወትፋ፣ እዚያው ወለሉ ላይ ወድቃለች። የጫናት ባጃጅ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ትንፋሽ አልነበራትም።

በሣልስቱ፣ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሲሳሳ፣ እማማ ጠጅቱ ከአሥራት አጠገብ ተቀመጡ። ጤና ጣቢያ የተባለውን ሰምተዋል።

"ሆለታ ትሄድ የነበረው..."

"ጭሱን ፈርታ ነው፣ እማማ።"

"ታዲያ ለኔ አይነገረኝም? ለኔ?"

"ልንገራቸው ስላት፣ 'ትናንት መጥታ ወጋችንን ናቀች ይሉኛል' ትለኝ ነበር። ያን ለት ደግሞ አንቱን ማስቀየም አልሆነላትም መሰለኝ።"

እማማ ጠጅቱ፣ "እኔ እኮ ሳሉ ሲቆም ተመስገን ብያለሁ" አሉ።

አሥራት እጃቸውን ያዘ። የጎማው ሽታ ገና ከነጠላቸው አልለቀቀም ነበር።

በዓመቱ አሥራት ቤቱን ዘግቶ ሆለታ ገብቷል። ሕዳር 12 ሲነጋ እማማ ጠጅቱ በርጩማቸውን አውጥተው ከናዝራዊት ደጅ ተቀመጡ፤ ከጎናቸው በባልዲ ውኃ አስቀምጠዋል። የላይኛውም የታችኛውም ሰፈር ጨሰ። በዚያ መንገድ ላይ ግን ማንም እሳት አልለኮሰም።